ሐምሌ ላይ ጃኬት ለብሳችሁ ሚሌ ለምትወርዱ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ሱቄ ከመናኸሪያው ብዙም ስለማይርቅ ማን በስንት ሰዓት ወዴት እንደሚወጣ ሳልፈልግም አያለሁ። ጸሐፊ አይደለሁም። ወሬዬ ቢንዛዛ ታገሱኝ፤ ካስፈለገም ቁረጡት፤ የውሃውን ነገር ብቻ እንዳትቆርጡብኝ።

ባለፈው ሳምንት ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሚኒባስ ሱቄ ፊት ቆሞ ረዳቱ «ሚሌ! ሎጊያ! ሰመራ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። አንድ ሰው የቀረው ሲል እኔ ብቻ ለአምስት ሰው ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ እሱን እንተወው። ከደሴ የመጣ አንድ ወጣት ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ገባ። ወፍራም ጃኬት ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል። እጁ ላይ ያለችው ውሃ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ናት፣ እሷም ተጋምሳለች።

«ወዴት ነህ የኔ ልጅ?» አልኩት።

«ሰመራ ጋሼ። ሥራ አግኝቼ።»

«ውሃህ ይቺው ናት?»

ሳቀብኝ። «ክረምት እኮ ነው ጋሼ!»

ደብዳቤውን ያስጻፈችኝ ይቺ ቃል ናት። ክረምት!

እኛ ደገኞች ክረምት ሲባል የሚመጣብን ብርድ ነው፣ ጭቃ ነው፣ የተጠበሰ በቆሎ ነው። ደሴ ሐምሌ ላይ ቶሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል፤ ልብስ ታጥቦ ሦስት ቀን አይደርቅም። ልጁ አልዋሸም፣ ከቤቱ ሲወጣ ክረምት ነበር። ግን እየወረደበት ያለው አገር ሌላ ነው። አፋር ላይ ከግንቦት ጀምሮ ያሉት ወራት ዓመቱ የሚነድባቸው ናቸው። ሰኔ ላይ ሙቀቱ በጥላ ሥር እንኳን 40 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል። አፋሮቹ ራሳቸው፣ ተወልደው ያደጉበት ሰዎች፣ ያንን ዝናብ የሌለበትን የቃጠሎ ጊዜ ሐጋይ ብለው ለብቻው ስም ሰጥተውታል። ከዚያ በኋላም ዝናብ ጠብ ቢል ሙቀቱ ወዲያው አይለቅም። እኛ ዣንጥላ ስንገዛ እነሱ ጥላ ይፈልጋሉ።

ርቀቱ ነው የሚያታልለን። ከኮምቦልቻ ሚሌ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በደጋን፣ በገርባ አድርገህ ባቲ ትደርሳለህ፣ ከዚያ መውረድ ነው። ይሄ ለእኛ ጉዞ አይባልም፤ ጎረቤት መጠየቅ ነው። ከፍታውን ግን ቁጠሩት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ናት። የሀረጎን ተራራ ተጠማዝዘህ ኮምቦልቻ ስትደርስ 1850 አካባቢ። ባቲ 1500 ገደማ። ሚሌ 500 አካባቢ። አንድ ሺህ ሜትር በወረድክ ቁጥር ሙቀቱ 6 ወይም 7 ዲግሪ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከደሴ ሚሌ ገና በመውረድህ ብቻ 13 ዲግሪ ገደማ ተጨመረብህ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ደመናው ባቲ ላይ ቀርቷል፣ ዛፍ የለም፣ መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ፀሐይዋን ውጦ መልሶ ፊትህ ላይ ይተፋዋል። ቁርስህን ደሴ በጃኬት በልተህ ምሳህን ሚሌ ትበላለህ። ሰውነት ደግሞ እንደ መኪና ማርሽ ቀይሮ አይሄድም። ሙቀት ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

እኔ ይሄን መንገድ የማውቀው የአሰብ መንገድ እየተባለ ነው። ጣልያን የሠራው መንገድ ነው። ከ1990ው ጦርነት በፊት ብዙው የአገሪቱ ጭነት የሚመጣው ከአሰብ ነበር፤ እኔም በልጅነቴ የከባድ መኪና ረዳት ሆኜ ተመላልሼበታለሁ። ሾፌሬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኃይለኛ ሰው ነበሩ። ባቲ አድረን ሌሊት ይቀሰቅሱኛል። ፀሐይ ስትወጣ ሜዳው ላይ ግማሽ መንገድ መሄድ አለብን። ከረፋዱ 5 ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የት ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፣ እስከ 10 ሰዓት አይነቃነቁም። ጭነቱ የማንም ይሁን፣ ባለቤቱ ይጩህ፣ አይሰሙም።

ውሃ የሚጭኑት አራት ጀሪካን ነው። ሁለቱ የመኪናው፣ ሁለቱ የሰው። «የሰውን ለመኪናው ብትሰጠው ግድ የለም፤ የመኪናውን ግን ለሰው እንዳትሰጥ፣ ዘይትና ዝገት አለበት» ይሉኝ ነበር። ከውጭ መስታወቱ ጎን ደግሞ በሸራ የተሰፋ የውሃ ከረጢት ይንጠለጠላል። ሸራው ትንሽ ትንሽ እያላበ ንፋሱ ሲመታው ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ፍሪጅ በሉት። አንዴ ሰርዶ አካባቢ ሞቆኝ በዚያች ውሃ ፊቴን ታጠብኩ። በጥፊ አሉኝ። ያኔ አልቅሻለሁ፣ ዛሬ ግን ሳስበው አልቀየማቸውም።

የዛሬ ሾፌር ይሄን ሁሉ ረስቶታል ማለቴ አይደለም። የጅቡቲ መስመር ተሳቢ የሚነዱት ልጆች ብዙዎቹ ያውቁታል፤ ሙቀቱ መምህራቸው ነው። የምፈራው ለሚኒባሱ፣ ለኮስትሩ፣ ቤተሰቡን ጭኖ በቤት መኪና ለሚወርደው ነው። እነሱ ደገኛ ናቸው። እኔም ያን ሁሉ አውቄ አምና ሰኔ ላይ እንደነሱ ሆኛለሁ፤ እሱን ልንገራችሁ።

ሎጊያ ለቅሶ ነበረብን። ከባለቤቴ ጋር በጠዋት 12 ሰዓት መናኸሪያ ደረስን። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ ሰው ሲወጣ ሲገባ፣ 5 ሰዓት ሆነ። እዚያው መውረድ ነበረብኝ። አልወረድኩም። ለቅሶ ነው፣ ይሉኝታ አለ፣ ደግሞ ገንዘቡን ከፍያለሁ። ባቲን አልፈን ሜዳው ከጀመረ በኋላ፣ 8 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ቅያሪ ጎማው ሲወርድ ልስልስ ያለ፣ ሽቦው የሚታይ ነው፤ በዚያ ላይ ንፋስ የለውም። ረዳቱ እግሩን ሲያሳርፍበት ጠለቀ። ኔትወርክ የለም። አሥራ ስምንት ሰው ነን። ውሃ ያለው ማን ነው ተባለ፤ ተሰብስቦ አምስት ሃይላንድ ሞላ፣ ሁለቱ የተጋመሱ ናቸው።

መጀመሪያ ሁሉም መኪናው ውስጥ ተቀመጠ፣ ጥላ ነው ብሎ። የቆመ መኪና ጥላ አይደለም፣ ምጣድ ነው። መስኮት ብትከፍት የሚገባው ንፋስ የእሳት ወላፈን ነው፤ ገላህ ከደረቀ ከገላህ የሚበልጥ የሞቀ አየር ሲነፍስብህ አያቀዘቅዝህም፣ ይጠብስሃል። ሁለት ሕፃናት ነበሩ። ይጮሁ ነበር፣ ቆይቶ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ነው ያስፈራኝ።

ከደሴ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ አንዲት እናት ነበሩ። ጋቢ ደርበዋል፣ አውልቁት ብንላቸው አፈሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወሬ ጀመሩ። «በሩን ዝጉት እንጂ ብርድ ገባ!» ይላሉ። አንዳንዱ ሳቀ። ቀጥለው የሞተች እህታቸውን ስም እየጠሩ ማናገር ጀመሩ። ያን ጊዜ የሳቀም የለ። ግንባራቸውን ስነካው ያቃጥላል። አንዱ ልክፍት ነው አለ፣ አንዷ ጸበል ከቦርሳዋ አወጣች፣ ከኋላ ያሉት ሸህ ዱአ ያዙ። የወሎ ሰው ነንና ሁሉም በየራሱ ለመነ። ግን ጋቢያቸውን ያወለቀላቸው ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

ፍየል የሚነዳ አንድ አፋር ነው የደረሰልን። ወገቡ ላይ ሽርጥ፣ ትከሻው ላይ ነጠላ ጣል አድርጎ፣ በእጁ ቢጫ ጀሪካን ይዟል። አማርኛው ትንሽ ነው። እናቲቱን አየ፣ ምንም አልጠየቀም። ከመኪናው አወጣቸው፣ ከመንገዱ ወረድ ብላ ያለች ግራር ሥር ምንጣፍ አስነጥፎ አስተኛቸው። ምንጣፉን ያለምክንያት አልጠየቀም፣ መሬቱ ከአየሩ በላይ ነው የሚፋጀው። ጋቢውን ገፈፈ። የባለቤቴን ነጠላ ተቀብሎ በውሃ ነክሮ አለበሳቸው፣ እኛን በካርቶን አራግቡ አለ። ባለቤቴ ሃይላንዱን ወደ አፋቸው ስታስጠጋ እጇን ይዞ መለሰው። «ቆይ» አለ። «ቆይ።» ነጠላው ሲደርቅ እንደገና ይነክራል። ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዲህ ሆነን ቆይተን እናቲቱ ዓይናቸውን ገልጠው «የት ነው ያለነው?» አሉ። ውሃውን ያን ጊዜ ሰጣቸው፣ ጉንጭ በጉንጭ።

ከዚያ ተቀምጦ ወሬ ጠየቀን። አፋር ሲገናኝ ዳጉ አለው፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናብ የት ዘነበ፣ ውሃ የት አለ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ይባባላል፤ ያንን ወሬ ይዞ ነው የሚኖረው። እኛን ሲጠይቀን የምንነግረው አጣን። ባቲ ላይ ዘንቧል ወይ ቢለን አላየንም። ስልካችንን ስናይ ነበር። በኋላ አንድ አይሱዙ ከሚሌ በኩል መጣ፤ እናቲቱንና ሕፃናቱን ይዞ ወደ ባቲ ተመለሰ። ተርፈዋል፣ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱንም ልበል። ሰውዬው ጀሪካኑን ከነውሃው ትቶልን ሄደ። «ባቲ፣ ሰኞ» አለ። በገበያው ቀን መልሱልኝ ማለቱ ነው።

ነርስ የሆነች የወንድሜ ልጅ አለች። ስነግራት በእጇ ግንባሯን መታች። ያ ሰው ያደረገው ሁሉ ልክ ነው አለችኝ። ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው፣ ላቡ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ውሃው ካለቀ ወይ ሙቀቱ ከበረታ ያ ነገር ይሸነፋል፤ የውስጥ ሙቀት 40 ዲግሪ ካለፈ አንጎል ይሳሳታል፣ ብርድ ነው የሚል ሰው፣ የሚቃዥ፣ የሚንገዳገድ፣ እንደሰከረ የሚያወራ ሰው ማለት ይሄ ነው። ይሄ ልክፍት አይደለም፣ መጋኛም አይደለም። ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ልብስ ማውለቅ፣ ማርጠብ፣ ማራገብ፣ አንገቱን፣ ብብቱንና ብሽሽቱን በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ፣ ያንንም እያደረጉ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ። ራሱን ለሳተ ወይ ለሚቃዥ ሰው ውሃ አይጋትም፣ ትን ብሎት ይሞታል። እኛ የተማርነው ግን ሰው ሲወድቅ ውሃ አምጡ ብቻ ነው።

ሌላም ነገረችኝ። ቀኑን ሙሉ እያላበህ ባዶ ውሃ ብቻ ብትጠጣ ጨውህ ይታጠባል፣ እሱም ራስ ያዞራል። ኦአርኤስ የሚባለውን በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ከፋርማሲ ገዝቶ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው፤ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከዚያ ጨው አይብዛ። ለእኛ ሰው ደግሞ በሶ አለ፤ ከጨው ጋር በጥብጠህ ይዘህ ብትሄድ ምሳም መጠጥም ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንቶች አንዳንዱ መድኃኒት ውሃ ስለሚያስወጣ ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ጫትን ዝም ብዬ ባልፈው ሾፌሮቹ ደስ ይላቸዋል። አላልፈውም። ጫት ድካምን ይደብቃል። አልደከመኝም የሚለው ሾፌር ደክሞታል፣ አላወቀውም እንጂ። ስለ ውሃው ደግሞ ሽንትህን እየው፣ እንደ ሻይ ከጠቆረ ሰውነትህ ደርቋል።

ደግሞ ውሃ መቆጠብ የሚባል ሞኝነት አለ። ጀሪካኑን እያየ፣ ለማታ ይሆነኛል እያለ፣ ጠርሙሱ ሳያልቅ ራሱን የሚስት ሰው አለ። ሾፌሬ «ውሃ በሆድ ነው የሚቆጠበው» ይሉ ነበር። መኪናህ ከተበላሸ ከመኪናህ አትራቅ፤ መንደር ያለ መስሎህ በእግርህ አትሂድ፣ ሜዳው ላይ ቅርብ የሚመስል ነገር ሁሉ ሩቅ ነው። መኪና ከሩቅ ይታያል፣ ሰው አይታይም።

ስለ ጎማ ከተናገርኩ ለራሱ ገበያ ነው የሚያወራው ትሉኛላችሁ። በሉኝ። እውነት ነው ጎማ እሸጣለሁ። ያረጀና ንፋሱ ያነሰ ጎማ በጋለ አስፋልት ላይ ከመጠን በላይ ተጭኖ ሲሮጥ ይፈነዳል፣ ይሄ ከማንም ሱቅ ብትገዛው አይለወጥም። ቅያሪ ጎማችሁን ከመውጣታችሁ በፊት አስነፉት፣ ክሪኩ መኖሩን እዩ። ቺንጊያውን ተመልከቱ፣ ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ራዲያተር ሲፈላ ክዳኑን ወዲያው አትክፈቱ፤ ፊቱ የተላጠ ረዳት አውቃለሁ። ከባቲ ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ በፍሬን ብቻ አትውረዱ፣ በከባድ ማርሽ ውረዱ። ይበቃል፣ የቀረውን ጋራዥ ያሉት ይንገሯችሁ።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያምነኝም። በረሃ ውስጥ ሰው በውሃ ይሞታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሚሌ አካባቢ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደረቁ ወንዝ ድንገት ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የእኛ ነው። የወሎ ተራሮች ላይ የዘነበው ነው ወደ አዋሽ የሚወርደው፤ የእኛው ቦርከና ራሱ መድረሻው አዋሽ ነው። ስለዚህ ጥላ አለው ብላችሁ ደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አታቁሙ፣ አትተኙ። ደሴ ላይ መብረቅ ሲያጉረመርም የሰማ ሰው ያ ውሃ የት እንደሚሄድ ይገምት።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። እስካሁን ያወራሁት መኪና ስላላቸው ሰዎች ነው።

በእግራቸው የሚሄዱ አሉ። ከወሎ ገጠር፣ ከከሚሴ፣ ከባቲ ዙሪያ፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም፣ አረብ አገር ለመግባት በአፋር አድርገው ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ታጁራ፣ ከዚያ ኦቦክ ድረስ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን። «በባሕር ሄደ» እንላለን እኛ። ባሕሩን ነው የምንፈራው። ባሕሩ ከመድረሱ በፊት ያለውን አንጠቅሰውም። የጎረቤቴ ልጅ ሄዶ ከመንገድ ተመልሷል። ደላላው «ሁለት ሌሊት ነው፣ አብሽሩ» ብሏቸው ነበር። እኛ ወሎዬዎች አብሽር ስንባል ደስ ይለናል። ይዞት የወጣው ሁለት ሊትር ውሃ ነው። እስቲ አስሉት፤ በዚያ ሙቀት ጭነት ይዞ የሚራመድ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ላብ ሊያጣ ይችላል። ሁለት ሊትሩ የሁለት ሰዓት ነው። ሌሊቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሆንም፣ ከሌሊቱ በኋላ ደግሞ ቀን አለ።

በጅቡቲው አሳል ሐይቅ በኩል ነው ያለፉት። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ የወረደ፣ በአፍሪካ ከሁሉም ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ሐይቅ አለ ሲባል ውሃ አለ ብለው ሮጡ። ጨው ነው፣ ከባሕር ውሃ ብዙ እጥፍ የሚብስ ጨው። አንደኛው ጓደኛቸው ጠጣ። ልጁ እዚህ ላይ ሲደርስ ማውራቱን ያቆማል፣ እኔም አልጠየቅኩትም። በዚያ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ጅቡቲዎች ኻምሲን የሚሉት የጋለ ንፋስ አለ፣ አሸዋ ይዞ የሚነፍስ። የሚመሯቸው ሰዎች የደከመውን ጥለው ነው የሚሄዱት። ልጁ የተረፈው የውሃ ቦቴ የሚነዳ ሾፌር አንስቶት ነው።

ለእነዚህ ልጆች «ጃኬት አታድርጉ፣ በጠዋት ውጡ» ብዬ ብመክር ቀልድ ይሆንብኛል። ሥራ አጥተው ነው የሚሄዱት፣ ይሄን እኔ አልፈታውም። ግን አትሂዱ ማለት ካልቻልን ቢያንስ እውነቱን እንንገራቸው። ባሕሩ ብቻ አይደለም የሚገድለው። ቤተሰብም ይስማ፤ በሬ ሸጦ ደላላ የሚከፍል አባት ልጁን በየትኛው ወር እየላከ እንደሆነ ይወቅ።

የትራንስፖርት ኃላፊነት ያለባችሁ ሰዎች ይሄን ጋዜጣ የምታነቡ ከሆነ አንድ ልመና አለኝ። የመንገዱ ሁኔታ እንደ ድሮው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እንደ ሾፌሬ ሌሊት ውጡ አልልም። ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ወደ ሚሌ መስመር የሚወጣ የሕዝብ መኪና ሞላም አልሞላም በማለዳ ይውጣ፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ የለም፣ ነገ ይባል። ረዳቶቹ ይጮሁብኛል። ይጩሁ። ባቲ መውጫ ላይ ለሁሉም ነገር ይቆማል፤ ሲቆም ውሃህ የት አለ ብሎ መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ጀሪካን ውሃና አንድ የሚሠራ ቅያሪ ጎማ የሌለው ይመለስ። መናኸሪያው ላይ ደግሞ በትልቁ የሚጽፍ ሰው ይጻፍ፤ እዚህ ብርድ ነው፣ እዚያ 40 ዲግሪ ነው ተብሎ። ቀለሙን እኔ እችላለሁ።

ያን ወጣት ጃኬቱን አስወልቄዋለሁ። አንድ ባለ አምስት ሊትር ውሃ ገዝቼ አሳቀፍኩት። ፊቱን አጨማደደ፣ ከባድ ነው አለ። ሲደርስ ደወለልኝ፤ ባቲ ሳያልፉ ሰዉ ሁሉ ጨርሶበታል።

የአፋሩን ጀሪካን ነገር ሳልጨርስ። በሰኞው ባቲ ገበያ ሄድኩ። ገበያው እንደምታውቁት ነው፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ጨው ቤቱ፤ ሰው በሰው ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ዞርኩ፣ ሰውዬውን አጣሁት። ስሙን አልጠየቅኩትም ነበር። ጀሪካኑን አጥቤ፣ ውስጡ ስኳር ከትቼ፣ ለአንድ አፋር ጨው ነጋዴ ሰጠሁና እንዲህ እንዲህ ያለ፣ እዚህ ቦታ ላይ ፍየል የሚጠብቅ ሰው ነው አልኩት። ሳቀብኝ፤ ይደርሳል አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ የሎጊያ ሾፌር ጎማ ሊገዛ መጣና ባለ ጀሪካኑ አንተ ነህ ወይ አለኝ። ደርሶታል። መልእክት አለህ አለ። ስኳሩን አመስግኗል፤ ሌላ ጊዜ ግን የራሳችሁን ውሃ ይዛችሁ ኑ ብሏል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ከኮምቦልቻ